መጁ የማን ነው?

ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ብዙ ሰው ነበር፤ ድምፄን የሚያውቅ ግን ከቤታችን ሰው በስተቀር የለም ማለት ይቻላል። ስሜ ትርንጎ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ላይ እየተነሡ ለክፍሉ ማንበብ አለ ብለው ስላስፈራሩኝ ነው። ሱቅ ስላክ የምፈልገውን በጣቴ እጠቁማለሁ። አንድ ቀን ጨው ታዝዤ ሳሙና ይዤ ተመለስኩ፤ ባለሱቁ የጠቆምኩትን ተሳስቶ ሳሙናውን ሲያነሣ፣ «እሱ አይደለም» ማለት አቅቶኝ ነው። እናቴ «ልጄ አፍ አላት፤ የምትከፍተው ግን ለጉርሻ ብቻ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅብኛለች።

እንግዲህ ይህች ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ በከተማው መንገድ ላይ እየጮኸች፣ ከኋላዋ የትምህርት ቤት ልጆች አስከትላ እንዴት እንደሄደች ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ሊያሠራ መሠረት ሲያስቆፍር ነው። ጉድጓዱ ከቆፋሪዎቹ ጉልበት ሲያልፍ ገል መውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ አመድ፣ ቀጥሎ የቤት ግድግዳ ድንጋይ። እዚያ ቦታ ሰው ይኖር እንደነበረ ከአያቶቻችን እንኳ የሰማ የለም። ርዕሰ መምህሩ ቁፋሮውን አስቆሙ፤ ወሬው ጎንደር ደረሰ፤ በመጨረሻም ከአዲስ አበባ አንድ የቅርስ ባለሙያ መጡ። ጋሽ ሰሎሞን ይባላሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከደባርቅ ብርድ የተነሣ ሁለት ካፖርት ደርበው የሚለብሱ ሰው ነበሩ።

«የሚወጣውን ዕቃ የሚያጥብልኝ ሰው ስጡኝ» ብለው ቀበሌውን ሲጠይቁ፣ የሴቶች ማኅበር እኔን ላከኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገል አያናግርም።

ጋሽ ሰሎሞን አንድ የጥርስ ብሩሽ ሰጡኝ። እኔ ጥርሴን በወይራ መፋቂያ እየፋቅሁ ያደግሁ ነኝ። ጌታው ከሞተ ስንት ዘመን ላለፈው ድስት የጥርስ ብሩሽ ይዤ ስቀመጥ፣ ሳቄ በነጠላዬ ሥር ትከሻዬን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ያጠብኩት ሲደርቅ ረዳታቸው ታምሩ በትንሽ ብሩሽ ነጭ ቀለም እየነከረ በያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ታምሩ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። ዝም ብዬ አጠገቡ ከቆየሁ እኔም ላይ ይጽፍብኛል ብዬ እሰጋ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ሰሎሞን አንድ ሐሳብ አመጡ። «ይህን ሁሉ ጭኜ ከመሄዴ በፊት የዚህ አገር ልጆች በእጃቸው ዳስሰው ማየት አለባቸው» አሉ። አንድ ክፍል ተለቀቀልን። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የጥንቱ ዕቃና የዛሬው ጎን ለጎን እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ከጥንቱ የእንዝርት ድንጋይ አጠገብ የዛሬ እንዝርት ከነዘንጉ፣ ከተሰበረ የእንስራ አንገት አጠገብ ሙሉ እንስራ። ልጆቹ እያንዳንዱን ሲያነሡ ሦስት ነገር ይጠየቃሉ፤ ምን ይሠራል? ማን ይዞት ነበር? በምን አወቃችሁ?

ከተገኙት ውስጥ አንዱ መጅ ነበር። የከተማ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ መጅ ማለት በወፍጮው ድንጋይ ላይ እህሉን ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ የሚፈጨው፣ በሁለት እጅ የሚያዘው ድንጋይ ነው። ለእሱ ጎን የሚሆን የዛሬ መጅ አስፈለገ። የኛ ቤቱ ተሰብሮ ስለነበር ጎረቤታችንን እትዬ ይመኙሻልን እንድትለምንልኝ እናቴን ላክሁ።

እትዬ ይመኙሻል መጁን ይዘው እኛ ቤት ድረስ መጡ። አልሰጡኝም ገና፤ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

«ስሚኝ ትርንጎ፤ እሑድ ልጄን ልድር ነው። የሠርጉ በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ቁጭ ብሏል። ወፍጮ ቤቱ እንደሆነ በርበሬ አይቀበልም። ነገ ማታ መጄን ካላመጣሽልኝ አንቺኑ ወፍጮው ላይ አጋድሜ ነው የምፈጭብሽ። ሰምተሻል?»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ምን አለች?» ብለው እናቴን ጠየቁ።

«እሺ አለች» አለች እናቴ፤ አስተርጓሚዬ እሷ ናት።

መጁን ተቀብዬ ስወስደው በርበሬው ከሩቅ ያስነጥሳል። ልጆቹ ነክተውት ዓይናቸውን ቢያሹ ጉድ ሊፈላ ነው። ስለዚህ በዚያኑ ዕለት ወደ ማታ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ወስጄ በግራዋ ቅጠልና በአመድ ፈገፈግሁት። እሱን ካጠብኩ በኋላ አጠገቡ ያለው የጥንቱ መጅ አሳዘነኝ። ነገ እንግዳ ሊመጣ አንዱን አጥቦ ሌላውን ከነአቧራው ማስቀመጥ በኛ ቤት ነውር ነው። እሱንም አገላብጬ በግራዋ አሸሁት። ቁጥሩን ረስቼው አይደለም፤ ግራዋና አመድ የታምሩን ቀለም ያወርደዋል ብዬ አላሰብኩም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስጥቼ፣ ንጽሕናቸውን አድንቄ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ጋሽ ሰሎሞን የሉም። በድንገት ጎንደር ተጠርተው ሌሊት በወጣ መኪና ሄደዋል። ለታምሩ የተዉት ትእዛዝ «ልጆቹን ትርንጎ ታስጎብኛቸው» የሚል ነበር።

ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡና ጠረጴዛውን ከበቡት። የጥንቱን የእንዝርት ድንጋይ አንሥቼ አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ይሄ... ምን ይሠራል?»

አሁን ስታስቡት ልጆች ሹክሹክታ ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ? ምስጢር መሰላቸው! ጸጥ ብለው አንገታቸውን አስገቡ። አንዷም እንደኔው በሹክሹክታ፣ «ጥጥ ይፈትላል» አለች። «በምን አወቅሽ?» «መሐሉ ቀዳዳ ነው።» ክፍሉ በሙሉ እንደ ንብ መንጋ እየተንሾካሾከ ገል ያሸታል፣ ድንጋይ ይዳስሳል። መምህራኑ በመስኮት እያዩ ተደነቁ፤ እንዲህ ጸጥ ያለ ክፍል አይተው አያውቁም። እኔንም ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ደስታዬ ሳይበርድ ጓድ አያሌው በሩን በርግደው ገቡ። ጓድ አያሌው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሲናገሩ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያሉ ይመስላቸዋል።

«ታምሩ! ኮንቮዩ ከአዲ አርቃይ ተነሥቷል፤ ሊማሊሞን እየወጣ ነው! ዕቃው አሁኑኑ ተጭኖ ከኮንቮዩ ጋር ጎንደር ይገባል። ይህ ካመለጠን የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

በዚያ ዘመን ጭነት የያዘ መኪና ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ከወታደር ጋር ተሰልፎ ነው። ታምሩ ሣጥኖቹን አወጣ፣ ገለባ ጎዘጎዘ፣ ቁጥር እያነበበ መክተት ጀመረ። የዛሬውን እንዝርትና የዛሬውን እንስራ ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ መጆቹ ጋ ደረሰና ቆመ። አንዱን አገላበጠ። ሌላውን አገላበጠ። እንደገና የመጀመሪያውን።

«ቁጥሩ የለም» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ግራዋ ታጥበው አብለጭልጨዋል። ገል ያረጃል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ግን ዕድሜውን ለማን ይናገራል?

ጓድ አያሌው ጎንበስ ብለው ሁለቱንም አሸተቱ። «ይሄ ግራዋ ግራዋ ይላል። ይሄኛውም ግራዋ ግራዋ ይላል። ማነው ያጠበው?»

ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ።

«አንዱ የእትዬ ይመኙሻል ነው» አልሁ፤ ለነጠላዬ።

«ምን አለች?»

«አንዱ የእትዬ ይመኙሻል ነው አለች!» ብለው ልጆቹ በአንድ ድምፅ አስተረጎሙልኝ።

«የትኛው?»

በቀኝ በኩል ያለው ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አላውቅም። ብሳሳትስ? ስንት ዘመን ከመሬት ሥር ተኝቶ የወጣውን ዕቃ እትዬ ይመኙሻል የሠርግ በርበሬ ሊፈጩበት ነው፤ የእሳቸው መጅ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ መስታወት ውስጥ ሊቀመጥ ነው። አንገቴን ወዘወዝሁ።

«ግልጽ ነው» አሉ ጓድ አያሌው። «አንዱ የመንግሥት ንብረት ነው። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ሁለቱም ይሄዳሉ። ጫን!»

እትዬ ይመኙሻል የሠርግ ዕቃ ሊገዙ ዳባት ሄደዋል። ማታ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የተቆለለ በርበሬና መጅ የሌለው ወፍጮ ነው። መጅ ደግሞ ከገበያ ገዝቶ በማግሥቱ የሚፈጩበት ነገር አይደለም። ስንት ጊዜ ከወፍጮው ጋር ተፋጭቶ ነው የሚስማማው... ይህን ሳስብ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ። ከወፍጮው ጋር ተፋጭቶ!

«ወፍጮው ያውቀዋል!» አልሁ።

ይህን ያልኩት በሹክሹክታ አልነበረም። ከማን አፍ እንደወጣ ለማየት ዞር እስክል ድረስ ጮክ ብዬ ነበር።

ጓድ አያሌውም ደነገጡ። «ማን ያውቀዋል?»

«ወፍጮው፣ ጓድ። መጅና ወፍጮ እየተፋጩ አብረው ነው የሚሳሱት። የእትዬ ይመኙሻል መጅ በእሳቸው ወፍጮ ላይ እንደ ክዳን ይገጥማል። የሌላው ይወዛወዛል። ቤታቸው ቅርብ ነው።»

ጓድ አያሌው ሰዓታቸውን አዩ። ልጆቹም «እንሂድ! እንሂድ!» እያሉ ወለሉን በእግራቸው መደብደብ ጀመሩ። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ነገር ሲጠይቅ ሊቀ መንበር ምን ያደርጋል? «በፍጥነት!» አሉ።

ወጣን። ታምሩ በቀኝ የነበረውን መጅ በቀኝ ትከሻው፣ የግራውን በግራ ትከሻው ተሸክሞ ያልበዋል። ከእሱ ኋላ ጓድ አያሌው፣ ከእሳቸው ኋላ ልጆቹ፤ «መጁ የማን ነው? መጁ የማን ነው?» እያሉ። እኔ ከፊት ነኝ። «ወዲህ! በዚህ በኩል! ጭቃውን ተጠንቀቁ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሴቶች ከየጓሮው ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ውሻ ሰልፉን ተቀላቀለ።

የእትዬ ይመኙሻል ባለቤት ጋሽ ደሴ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩን ተነሡ።

«ምንድን ነው? ሠርጉ ዛሬ ሆነ እንዴ?»

«ጋሽ ደሴ» አሉ ጓድ አያሌው፣ «ከነዚህ ሁለት መጆች የቤትዎ የትኛው ነው?»

ጋሽ ደሴ ግራና ቀኝ የታምሩን ትከሻ አዩ። «እኔ የማውቀው ዱቄቱን ነው። ድንጋዩን ሴቶቹን ጠይቅ።»

«ባለቤትዎ መቼ ይመለሳሉ?»

«እሷ የምትሄድበትን እንጂ የምትመለስበትን ነግራኝ አታውቅም።»

ወፍጮው ጓዳ ውስጥ በጭቃ መደብ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። የገባው ገባ፤ የቀረው በበሩ ተደራርቦ ያያል። በታምሩ ቀኝ ትከሻ የመጣውን መጅ ተቀብዬ፣ እንደኛ ቤት ልማድ የሳሳውን ጫፍ ወደ ቀኝ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጉልበት በቀኝ እጅ ስለሚበረታ መጅ በቀኝ በኩል ነው የሚሳሳው። ገፋ አደረግሁት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ተወዛወዘ! የኔ ግምት ስሕተት ነበር ማለት ነው። «ያኛውን! ያኛውን!» አሉ ልጆቹ። የግራውን ተቀበልሁ፤ እሱንም የሳሳውን ወደ ቀኝ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሁለቱም! ከሩቅ፣ ከሊማሊሞ በኩል፣ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኮንቮዩ ሊገባ ነው።

«በቃ» አሉ ጓድ አያሌው፣ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «ታምሩ፣ አንሣ።»

ታምሩ ጎንበስ አለ። እኔ መጁ ላይ ተደፋሁበት። «አይነሣም!» አልሁ። የማደርገው ጠፍቶኝ ልጆቹን አየሁ፤ እነሱም እኔን። ያን ጊዜ ሦስቱ ጥያቄዎች ትዝ አሉኝ። ወፍጮውን ጠየቅነው እንጂ ስለ ሴትዮዋ የጠየቀ የለም!

«ልጆች! ይሄን ማን ይዞት ነበር?»

«እትዬ ይመኙሻል!»

«እንዴት ነው የሚይዙት? ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ቁጡ ናቸው!» አለ አንዱ።

«ጆሮ ይቆነጥጣሉ!» አለች ሌላዋ።

«የትኛውን ጆሮ?» አልሁ፤ ለምን እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ላኩ። ሁሉም የነኩት ቀኝ ጆሯቸውን ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ቀኝ ጆሮ የሚቆነጥጥ ሰው በየትኛው እጁ ነው?

«በግራቸው ነው! ግራኝ ናቸው!» ብለው ልጆቹ ጓዳውን በጩኸት ሞሉት። አንዱማ «ድንጋይም የሚወረውሩት በግራ ነው፤ እኔን ስተውኝ አያውቁም!» ብሎ በኩራት መሰከረ።

«እውነት ነው?» አሉ ጓድ አያሌው።

ጋሽ ደሴ ግራ ጉንጫቸውን ሳይሆን ቀኝ ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ። «እውነት ነው» አሉ።

መጁን አዞርኩት፤ የሳሳውን ወደ ግራ። በታምሩ ግራ ትከሻ የመጣው ነው። አሁንም ቀጭ፣ ቀጭ። የመጀመሪያውን አነሣሁ፤ አዞርሁና አስቀመጥሁት።

ምንም ድምፅ የለም። ወፍጮው ላይ ቁጭ አለ፤ እንደ ክዳን፣ ነፋስ አያሳልፍም። ጋሽ ደሴ ከጎታው ሥር አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው ጣሉልኝ። ሁለት ሦስቴ ገፋሁት፤ ልም ያለ ዱቄት ከፊቴ ተንጠባጠበ። ጋሽ ደሴ በጣታቸው አንሥተው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ የቤቴ ዱቄት ነው» አሉ።

እልልታው! ሴቶቹ ለምን እልል እንደሚሉ ሳያውቁ ከውጭ ተቀበሉት። ጓድ አያሌው ራሳቸው ሲያጨበጭቡ ያዝኳቸው፤ ሳያቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የጥንቱን መጅ ይዘን እየሮጥን ተመለስን። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይንጫጫል። ታምሩ ቁጥሩን እንደገና ጻፈ፣ መጁን ገለባ ላይ አስተኛው፣ ክዳኑን አንሥቶ ምስማር አፉ ውስጥ ያዘ።

«ቆይ!» አልሁ። ለመንግሥት መኪና ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ! «ስለዚህኛውስ ልጆቹ አልተጠየቁም። ማን ይዞት ነበር?»

ጎንበስ ብለን አየነው። ግራዋው አቧራውን ስላነሣለት ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የእጅ ቦታ በደንብ ይታያል፤ መዳፍ ያረፈበት ልስልስ ያለ ጎድጓዳ። መዳፌን አኖርኩበት። አልገባም፤ ጠበበኝ። ታምሩ ሞከረ፤ ጭራሽ። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ እጃቸውን ከተቱ። ትልልቆቹ አልሆነላቸውም። ወደ መጨረሻው አንዲት ከአፍንጫዋ ንፍጥ የማይጠፋ ትንሽ ልጅ፣ ስንዱ የምትባል፣ ሁለት እጇን አኖረች።

ልክክ አለ። እያንዳንዱ ጣቷ ቦታውን አገኘ።

እዚህ እኛ በቆምንበት መሬት ላይ፣ እናቷን ልታግዝ ወፍጮ ላይ የተንበረከከች የስንዱን ያህል ልጅ ነበረች። ምናልባት እሷም አፍንጫዋን አልጠረገችም ነበር።

ስንዱ ቀና አለችና ዓይኗ እየበራ ጮኸች፦ «የኔ ነው!»

ጓድ አያሌው ራሳቸውን ያዙ። «ኧረ ቶሎ ምታው ታምሩ! ደግሞ ሌላ ባለቤት መጣ!»

የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ገበያው ተሰምቷል። መኪናው ሲሄድ ልጆቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ሣጥኑን ሸኙት።

ማታ እትዬ ይመኙሻል ከዳባት ሲመለሱ እየተቆጡ ገቡ። «ትርንጎ! መጄን ምን አደረግሻት? የሆዷን ሁሉ አጥበሽ እንደ አዲስ ሙሽራ አሳፍረሽ ነው የመለስሽልኝ!» እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ጆሮውንም፣ ጉንጩንም ሳልተው። በመሐል ቁጣቸው ጠፋና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አሉ ለእናቴ።

«ዛሬ ነው የጀመረችው» አለች እናቴ። «እስኪ አሁን ማን ያስቆማታል?»

በርበሬው ተፈጨ፤ ሠርጉም ተበላ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዓይን አፋርነቴ በአንድ ቀን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ትልልቅ ሰዎች ፊት ስቆም ጆሮዬ ይግላል። ግን ድሮ የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነበር፤ ምን ይሉኛል፣ እንዴት ያዩኛል እያልኩ። ያን ዕለት ዓይኔም ሐሳቤም ድንጋዩ ላይ ሲሆን ራሴን ረሳሁት፤ አፌም በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ልጆቻችሁ ቤታችሁ ያለውን ተራ ዕቃ አንሥተው ቢያገላብጡ አትቆጧቸው። የእጀታው ልስላሴ፣ የከንፈሩ ስብራት፣ ጥላሸቱ የበዛበት ጎን፣ ሁሉም ስለ አንድ ሰው ይናገራል። ሙዚየም ያለው ብቻ አይደለም የሚናገረው።

ከዚያ በኋላ ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት ጓድ አያሌው ራሳቸው ስሜን አስጠሩ፤ እስካሁን የማገለግለው እዚያ ነው። ሕፃናቱ በየሳምንቱ ከቤታቸው አንድ አንድ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ችግሩ ሲወስዱ ለእናቶቻቸው አይነግሩም። ባለፈው አንዷ እናት በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ከልጇ እጅ ጭልፋዋን ነጠቀችና፣ «ትርንጎ፣ ወጤ ካረረ አንቺ ነሽ የምትበዪው!» ብላኝ ሄደች።

አረረ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር።